የኢሚዲየትሊ መሳቢያ

እንግሊዞች ለችኮላ ስንት ቃል እንዳላቸው ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ሰሞን ቆጥሬ ነበር። አሥራ አራት ላይ ስደርስ ደከመኝና ተውኩት። ኩዊክሊ አለ፣ አት ዋንስ አለ፣ ራይት አዌይ አለ፣ ኢሚዲየትሊ አለ፣ ሰድንሊ አለ። ኢን ኖ ታይም የሚባል ደግሞ አለ፤ ጭራሽ ጊዜ ሳይኖር ማለት ነው። ጊዜ ከሌለ ታዲያ በምን ይሠራል? ይህን የሚመልስልኝ አስተማሪ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በእኛ ቋንቋ ፈጣን ቃል የለም ማለቴ አይደለም። ሞልቷል። ሰው ከች ይላል፣ ዱብ ይላል፣ እልም ይላል፣ ፈትለክ ይላል፣ ሹልክ ይላል። ግን ልብ ብላችሁ እዩዋቸው፤ ሁሉም ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚወሩ ናቸው። እንግዳው ከች አለ እንላለን እንጂ፣ «ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ከች እንዲሉ በአክብሮት እናሳስባለን» ተብሎ ደብዳቤ ሲጻፍ አላየሁም። የእንግሊዞቹ ለማዘዝ የተሠሩ ናቸው፤ የእኛዎቹ ለመገረም።

«መጣሁ» የምትባለዋንም አትርሱ። ሰው ሲሄድ መጣሁ የሚል እኛ ዘንድ ብቻ ነው መሰለኝ። ያኔ በንጉሡ ዘመን፣ ድሬዳዋ ለገሃሬ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። የእናቴን ቀሚስ እስከ ወገቡ ሰፋና፣ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ «መጣሁ እትዬ» ብሏት ወጣ። በስምንተኛው ቀን ከጅቡቲ ተመለሰ። እናቴ «መጣሁ ብለኸኝ አልነበር እንዴ?» ብትለው «ይኸው» አላት። ምን ትለዋለች? እውነቱን ነው። ቀሚሱንም በደንብ አድርጎ ጨረሰላት።

የእንግሊዝኛውን ነገር ያነሳሁት ግን አው ዩሱፍ ትዝ ብለውኝ ነው። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ በሕይወቴ እንደሳቸው የወደድኩት የሥራ ባልደረባ የለኝም። እንደሳቸው የጮህኩበት ሰውም የለም። ሁለቱም የሆነው በአንድ መሳቢያ ምክንያት ነው።

አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ የጽሕፈት መኪና ተምሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ካሉት የንግድ ቤቶች በአንዱ ተቀጠርኩ። ቤቱ ቆዳና ቡና ወደ ኤደን ይልካል፣ ጨርቅና ሻይ ያስመጣል። ባለቤቱ ሙሴ ኒኮ የሚባል ግሪክ ነበር። ሙሴ ኒኮ ከምድር ባቡር ጋር በፈረንሳይኛ ይጻጻፋል፤ እንግሊዝኛ ግን አይችልም። ከኤደንና ከቦምቤይ የሚመጣው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በሙሉ የአው ዩሱፍ ነበር።

አው ዩሱፍ የመጋላ ሰፈር ሰው ናቸው፤ ሐረሪ። አው የሚለው እነሱ ትልቅ ሰው ሲያከብሩ የሚሉት ነው። ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ የማይለያቸው፣ ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላ የሚይዙ ሰው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻግረው፣ በፖስታ ቤት በኩል ዞረው፣ የቤቱን የፖስታ ሳጥን ከፍተው፣ ደብዳቤዎቹን በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ። በወጣትነታቸው ኤደን ወደብ ላይ ሠርተዋል። እንግሊዝኛውንም የተማሩት እዚያው ነው፤ ትምህርት ቤት አልገቡም።

ደብዳቤ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚፈልጉት የላኪውን ስም አይደለም። ጉዳዩንም አይደለም። የፍጥነቱን ቃል ነው። ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ቃሉን ሲያገኝ ቀጥ ይላል። ከዚያ ደብዳቤው ሳይነበብ ወደ ቦታው ይሄዳል። የሚነበበው ተራው ሲደርስ ነው።

ተራውን በምን ያውቁታል? በቃሉ ርዝመት።

«ስሚ ልጄ» አሉኝ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት። «የቸኮለ ሰው ትንፋሽ የለውም። ትንፋሽ የሌለው ሰው ረጅም ቃል ከየት ያመጣል? እግርሽ ላይ ጊንጥ ቢወጣ ምን ትያለሽ?» እጮሃለሁ አልኳቸው። «አየሽ፤ ኢሚዲየትሊ አትይም።» ደቻቱ ሞልቶ ከላይ ሲወርድ፣ ዳር የቆመው ሰው ምን ብሎ ነው የሚጣራው? አሉኝ። «መጣ» ነው የሚለው አልኩ። «በቃ» አሉና ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

ስለዚህ ናው ያለበት ደብዳቤ ከወንበራቸው ያስነሳቸዋል። ቆመው ያነቡታል፣ ቆመው መልሱን ይነግሩኛል፣ እኔ በጽሕፈት መኪናው እመታዋለሁ። አት ዋንስ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣበታል። ኩዊክሊ ያለበት ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ማለቅ አለበት፤ መቼም የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ከስድስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል። ኢሚዲየትሊ ግን አፍ አምስት ጊዜ ተከፍቶ የሚወጣ ቃል ነው። እሱ በግራ በኩል ካለው መሳቢያ ይገባና ቅዳሜ ጠዋት ይወጣል። አዝ ሱን አዝ ፖሲብል የሚለው መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ «ሰውዬው ራሱ ከተቻለ እያለ ነው፤ እኛን ምን አስጨነቀን አቦ?» ይላሉ። አት ዩር ኧርሊየስት ኮንቪኒየንስ፣ ሲመቻችሁ ማለት ነው፣ የሚል ከመጣማ ታጥፎ የሚወዛወዘውን የጠረጴዛ እግር ይደግፋል።

በዚህ አሠራር ቤቱ መፍረስ ነበረበት አይደል? አልፈረሰም። እኔም ገርሞኝ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ኢሚዲየትሊ የሚሉት ሁልጊዜ ያው ሰዎች ናቸው። ቦምቤይ ያለው የጨርቅ ነጋዴ የበዓል ሰላምታ ሲልክ እንኳን ኢሚዲየትሊ የምትል ቃል አንድ ቦታ ይሸጉጣል። የኤደኑ የመርከብ ወኪል ግን ሰው በቁም ነገር ሲፈልግ «ናው» ብሎ ያቆማል። አው ዩሱፍ ሰዎቹን ሳያውቁ አውቀዋቸው ነበር።

ያም ሆኖ የአሥረኛ ክፍል ትምህርት አላስችል አለኝ። አንድ ቀን ደፍሬ «አው ዩሱፍ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኢሚዲየትሊ ማለት እኮ አሁኑኑ ማለት ነው። ከአት ዋንስ ጋር እኩል ነው» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ለአንድ ዕቃ ሁለት ስም የሚያወጣ ሞኝ ነው። እንግሊዝን ደግሞ ኤደን አይቼዋለሁ፤ ሞኝ አይደለም» አሉኝ።

ከዚያ ደግሞ ያን ሰሞን እኔም ተዋረድኩ። ለኤደን የጻፍኩትን የመጀመሪያ ደብዳቤ፣ መዝገበ ቃላት አገላብጬ፣ እባካችሁ ሻዩን ሰድንሊ፣ ማለትም በድንገት፣ ላኩልን ብዬ መትቼው ነበር። አው ዩሱፍ አነበቡና ወረቀቱን አስቀመጡት። ቆይተው «ሰድንሊ የሰው ሥራ አይደለም» አሉኝ በቀስታ። «ጎርፍ ነው ሰድንሊ። እንግዳ ነው ሰድንሊ። ሞት ነው ሰድንሊ። ሻይ በሰድንሊ ቢመጣ ማን ቤት ሆኖ ይቀበለዋል?» ልክ ነበሩ። እንደገና መታሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ መሳቢያው አፌን ዘጋሁ። ማታ ማታ ለእናቴ እያወራሁ መሳቄን ግን አልተውኩም።

አንድ ነገር ብቻ ከአው ዩሱፍ ጋር አላስማማንም። እኔ እርስዎ እላቸዋለሁ። የእናቴና የአባቴ አገር ደጋ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ትልቅ ሰው አንተ አይባልም። የድሬ ሰው ደግሞ ቄሱንም፣ ሼኩንም፣ ሙሴ ኒኮንም አንተ ነው የሚለው፤ ንቀት የለበትም፣ ቅርበት ነው። «እርስዎ ስትይኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል» ይሉኝ ነበር። «አንተ በይኝ። አጭር ነው።» አፌ እንቢ አለ።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ።

አባቴ የባቡር ፍሬን ሠራተኛ ነበር። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ በወባ ሞተ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ነርስ ነበረች። አባቴን አላዳነችውም። ግን እናቴ እንቅልፍ ጥሏት ቀና ባለች ቁጥር ያቺ ሴት ኩባያ ይዛ አባቴ አጠገብ ነበረች። ያንን ፊቷን አልረሳሁትም። እና አዲስ አበባ የነርሶች ትምህርት ቤት ተማሪ እንደሚቀበል ስሰማ፣ ለእናቴ ብቻ ነግሬ ማመልከቻ ላክሁ። እናቴ «ሂጂ» አለችኝ። አንድ ልጇ ነኝ፤ ሌላ ማንም የላትም። «ሂጂ፣ እኔ ምን እሆናለሁ?» አለችና ጥልፏን ቀጠለች።

ለአው ዩሱፍ አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ? ጥዬዎት ልሄድ ነው ልበላቸው? መልሱ ሲመጣ እነግራቸዋለሁ አልኩ። የፖስታ ሳጥን ስለሌለን አድራሻዬን በንግድ ቤቱ አድርጌ ነበር፤ መጀመሪያ የቤቱ ስም፣ ከሥሩ የእኔ።

ክረምቱን ሙሉ ጠበቅሁ። ነሐሴ ውስጥ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ጭንቀቴ ባሰ። ጠዋት ጠዋት ጃንጥላቸውን ገና ሲያጥፉ «አው ዩሱፍ፣ ለእኔ የመጣ ነገር የለም?» እላለሁ። «የለም ልጄ» ይሉኛል። ማክሰኞም የለም ልጄ። ረቡዕም የለም ልጄ። አርብ ዕለት «የምትጠብቂው ትልቅ ነገር ነው?» አሉኝና «አላህ ያምጣልሽ» ብለው መረቁኝ።

ደብዳቤው ግን የመጣው የዚያው ሳምንት ሰኞ ነበር። ከሌሎቹ ጋር አብሮ ተከፈተ፣ ጣታቸው ወረደ፣ ኢሚዲየትሊ ላይ ቀጥ አለ፣ መሳቢያ ገባ። ከወንበሬ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። አው ዩሱፍ አልዋሹኝም። አላነበቡትም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መሳቢያው ተከፈተ። እኔ እየጻፍኩ ነበር። ወንበራቸው ሲገፋ ሰምቼ ቀና አልኩ። ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። መጥተው ጽሕፈት መኪናዬ ላይ አስቀመጡትና ወደ ኋላ ራቅ ብለው ቆሙ።

አነበብኩት። ተቀብለውኛል። ኢሚዲየትሊ ትምህርት ቤቱ ድረስ ቀርበሽ ሪፖርት አድርጊ ይላል። ቀኑን አየሁ፤ ከተጻፈ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። ስድስቱን በመንገድ፣ ስድስቱን በመሳቢያ። በቃ፣ ቦታዬ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል አልኩ። ክረምቱን ሙሉ የጠበቅኩት ነገር እዚሁ አጠገቤ ተኝቶ አለፈ አልኩ። ጮህኩባቸው። ሙሴ ኒኮ ከውስጥ ክፍል እስኪወጣ ጮህኩ።

«ነግሬህ ነበር» አልኳቸው። «አሁኑኑ ማለት ነው ብዬህ አልነበር? አንተ ምን ታውቃለህ?»

አንተ ያልኳቸው ያን ቀን ነው። ስንት ጊዜ ለምነውኝ እንቢ ያለው አፌ፣ ለስድብ ሲሆን ቀለለው። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

አው ዩሱፍ ወጥተው ሄዱ። ጃንጥላቸው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ቀረ።

ስድስት ሰዓት ላይ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ። ለእናቴ ነግሬያት ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። አው ዩሱፍ ናቸው። በዚያች ሰዓት፣ ውሻ እንኳን ጥላ ፈልጎ በሚተኛበት ፀሐይ፣ ኮፍያቸው በላብ ርሶ ቆመዋል። ቤታችንን አያውቁትም ነበር፤ ሰፈሩን ሙሉ ሲጠይቁ ቆይተዋል። እናቴ ይግቡ ብትላቸው ከደጁ አላልፍም አሉ።

«የልጅሽን መንገድ ስድስት ቀን ዘግቼ ያዝኩት» አሏት። «ሳላውቅ ነው። ግን የያዝኩት እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት በሊቶሪናው ባቡር አብረን እንሄዳለን። ለትምህርት ቤቱ ሰዎች እኔ ራሴ እናገራለሁ። ያጠፋችው እሷ አይደለችም እላለሁ።»

እናቴ አየቻቸው። ሳታውቃቸው የሳቀችባቸው ሰውዬ ናቸው። «ውሃ ይጠጡ መጀመሪያ» አለቻቸው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ለስንቅ ዶሮ ልታሳርድ ተነስታ መሃል ላይ ቆመች። አው ዩሱፍ የክርስቲያን እርድ አይበሉም። እሷ ደግሞ ለእኔ ብቻ ሥጋ ቋጥራ፣ እሳቸው ባዶ እጃቸውን እንዲያዩኝ አልፈለገችም። ዶሮዋ ተረፈች። ዳቦ ጋገረች፣ እንቁላል ቀቀለች። በማግስቱ ባቡሩ ላይ ስንገናኝ አው ዩሱፍም ቋጠሯቸውን ፈቱ፤ ቴምርና ሐላዋ ብቻ። ቤታቸው ሙሉ የሥጋ ሳምቡሳ ተጠብሶ እንደነበር ነግረውኛል። እኔ የሙስሊም እርድ ስለማልበላ፣ እሳቸውም በእኔ ምክንያት ትተውት መጥተዋል።

አው ዩሱፍ ሲቸኩሉ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሊቶሪናው በቆመበት ጣቢያ ሁሉ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ምን ሆኖ ነው የቆመው?» ይላሉ። ሰው ስለሚወርድ ነው ሲሏቸው «ቶሎ አይወርድም ወይ?» ይላሉ። አንዲት ሴትዮ ፍየል ልታስወርድ ስትታገል ተነስተው ራሳቸው ገፉላት። አዋሽ ላይ መንገደኛው ሁሉ ለምሳ ሲወርድ እሳቸው አንወርድም አሉ፤ ጥሎን ቢሄድስ? ባቡር ነጂው ራሱ ወርዶ ሲበላ በመስኮቱ እያየነው ተቀምጠን ቀረን።

እዚያ ነው ይቅርታ የጠየቅኳቸው። «አው ዩሱፍ፣ የትናንቱን ይማሩኝ» አልኩ። ቴምር ሰጡኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ።

«ኤደን ወደብ ላይ ክሬን ነበር። ዕቃ ከመርከብ አንስቶ በራሳችን ላይ ያሳልፈዋል። ገመዱ ሲላላ እንግሊዙ ‹ናው› ይላል። ናው ሲል እንሮጣለን። ያልሮጠ አለ፤ አንድ ጓደኛዬ አልሮጠም። ኢሚዲየትሊ ብሎ የጮኸ እንግሊዝ ግን አላየሁም፤ ወላሂ አንድም ቀን። እሱን ያገኘሁት ድሬ መጥቼ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት ደግሞ ሰው ላይ አይወድቅም ብዬ ነበር።» ወደ ውጭ አዩ። «ወደቀ» አሉ።

እኔ በስንት ማታ የሳቅኩበት ነገር ለእሳቸው ሕይወታቸውን ያተረፈ ዕውቀት ነበር። እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። «አታልቅሺ» አሉኝ። «አንተ ማለትሽን ግን እንዳትተዪው። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ቁጣሽ ባይኖርበት ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር።» ከዚያ ወዲያ አንተ ስላቸው ኖርኩ። ዛሬ ለእናንተ ሳወራ አሉ፣ መጡ የምለው፣ በሌሉበት አክብሬ ልጥራቸው ብዬ ነው።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ደረስን። በየዘመዶቻችን ቤት አድረን ነው፤ አው ዩሱፍ ግን የተኙ አይመስሉም ነበር። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ረጅም ፈረንጅ ሴት ናት። አው ዩሱፍ ኮፍያቸውን አስተካክለው ፊቷ ቆሙ፤ የወደብ እንግሊዝኛቸውን ሁሉ አወጡት። ደብዳቤውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ አሏት። ልጅቷ አልዘገየችም፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ አሏት። ሰው መቅጣት ካለብሽ እኔን ቅጪ አሏት። እዚህ ላይ የሚያውቋቸውን አጫጭር ቃላት በሙሉ ደረደሩላት፤ ናው መጥታለች፣ ናው አስገቢያት።

ሴትዮዋ መዝገቧን ገለጠች። ጣቷን በስሞቹ ላይ አወረደች። ከዚያ ቀና ብላ እንኳን ደህና መጣሽ አለችኝ፤ ከተጠሩት ሁሉ መጀመሪያ የመጣሁት እኔ ነኝ። ትምህርት የሚጀመረው ከመስቀል በኋላ ነው። አልጋዎቹ ገና አናጢ ቤት ናቸው።

አው ዩሱፍ አጎንብሰው መዝገቡን አዩ። ከዚያ እንደ ሥራ ባልደረባ ጠጋ ብለው፣ ታዲያ ለምን ኢሚዲየትሊ ብለሽ ጻፍሽ? ብለው ጠየቋት። ሴትዮዋም ሳትቆጣ አስረዳቻቸው። ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ ኑ ብላ ጽፋ ግማሾቹ ለገና ነው የመጡት። አሁን ኢሚዲየትሊ ስትል ለመስቀል ይደርሳሉ። አው ዩሱፍ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷም ነቀነቀች። ሁለቱ ስለ ቃላት ሚዛን ሲነጋገሩ እኔን ረስተውኝ ነበር።

በመጨረሻ ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ፣ ከመጣሽ አይቀር መቆየት ትችያለሽ፣ የአንሶላ ጠርዝ ትሰፊያለሽ አለችኝ። ቅዳሜ ዕለት ስለ ስድስት ቀን ምድርን ያናወጥኩት ልጅ ምን ብል ጥሩ ነው? ቤቴ ልሂድ አልኩ። አው ዩሱፍን አየኋቸው። «እንሂዳ» አሉ።

ስንመለስ ባቡሩ በየጣቢያው ቢቆምም ምንም አላሉ። አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው አሳሰቡኝ። «እናትሽ እኛን አብረን ስታይ ትደነግጣለች። ከበሩ ላይ ንገሪያት። ጫማሽን ሳታወልቂ። ተቀብለውኛል፣ ከመስቀል በኋላ ነው፣ በቃ።» እሺ አልኳቸው። ከለገሃሬ ጣቢያ እስከ ቤታችን ድረስ አረፍተ ነገሩን በልቤ እያልኩት ሄድኩ።

እናቴ ደጃፉ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና አለች። እኔን አየች፣ ሻንጣዬን አየች፣ አው ዩሱፍን አየች።

«ተመስገን» አለች።

አስባው አይደለም። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው፤ ቃሉ ግን ወጥቶ ነበር። አንቀበልም ብለው የመለሱኝ መስሏት ነው ተመስገን ያለችው። ሂጂ፣ እኔ ምን እሆናለሁ ያለችኝ እናቴ። ፊቷ ቀላ፣ ምስሩን ዝቅ ብላ ማገላበጥ ጀመረች፤ «በጤናችሁ መመለሳችሁን ማለቴ ነው» አለች።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አልወጣም አለኝ። ዞር ብዬ አው ዩሱፍን አየሁ። እሳቸው ሁሉንም አይተውታል። ጫማቸውን ቀስ ብለው አወለቁ፣ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ውሃ ለመኑ። ስለ መንገዱ፣ ስለ አዋሽ ሙቀት፣ ስለ ሴትዮዋ ፍየል አወሩ። ስለ ትምህርት ቤቱ ግን አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወደ መጋላቸው ሄዱ።

እናቴ አልጠየቀችኝም። ሽሮ ሠራች፣ ቅቤ አበዛችበት። ደጋግማ አጎረሰችኝ፤ ደስ ብሏታል። ያን ያህል ደስ ብሏት ያየኋት አባቴ ከሞተ ወዲህ ያን ቀን ነው። እኔም አንዱን እንጀራ ጨርሼ ሌላ አስጨመርኩ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። አንድ ቀን ምን አላት?

ጠዋት ተነስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጥልፏን ይዛለች። «እማዬ፣ ተቀብለውኛል። ከመስቀል በኋላ ነው የምገባው» አልኳት።

ቀና እንኳን አላለችም። «አውቄያለሁ» አለች። «ባይቀበሉሽ ኖሮ ራትሽን እንደዚያ ጠርገሽ ትበዪ ነበር?»

«ታዲያ ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ።